ከመኮንኑ ጀርባ የነበረችው ሴት

ባለፈው ዓርብ አል ባዲያ ሰፈር፣ ቤዛ ቤት ተሰብስበን ነበር። ቤዛ እዚህ ዓረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ በኮንትራት የምትሠራ ነርስ ናት፤ ወልጄ ቢሆን ኖሮ የሷ እኩያ ልጅ ይኖረኝ ነበር። እንደ ልማዳችን መጋረጃው ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በለሆሳስ ተዘምሮ፣ ወንድም ደረጀ ስለ ይቅርታ ረዘም አድርጎ ሰበከ። ከዚያ ምስር ወጥ በሩዝ ቀረበ፤ የጤፍ ዱቄቱ ከአገር ቤት ሳይመጣ ቀርቶ ነበርና። ቤዛ በአንድ እጇ እየበላች በሌላው ስልኳን ስትነካካ ቆይታ “ማሚ፣ ይቺን እያትማ” ብላ አስጠጋችልኝ።

ዜና ነው። ጥቁር ሱፍ የለበሱ የጃፓን ሹማምንት ለጦርነት ሙታናቸው በተሠራ መቅደስ ፊት ተራ ይዘው ያጎነብሳሉ። ቀጥሎ ሌላ አገር ታየ። በዚያው ጦርነት የጃፓን ወታደሮች እየያዙ ለደፈሯቸው ሴቶች መታሰቢያ የቆመች የነሐስ ሴት፣ ወገቧን በገመድ ታስራ በክሬን ወደ ጭነት መኪና ትጫናለች። “ጃፓኖቹን ቅር ስላላቸው ነው ያነሷት ይላል” አለች ቤዛ። እኔን ሳቅ ቀደመኝ። ምስር የሞላ አፌን በመዳፌ ያዝኩት።

“ምን ያስቃል ማሚ? ያሳዝናል እንጂ!”

“ክሬኑ ነው ያሳቀኝ” አልኳት።

ወንድም ደረጀ ሰምቶ ኖሮ “እህታችን፣ አሁን የተማርነውን እንዳንረሳ” አለኝ። “ወንድሜ፣ ይቅር የሚባለው እኮ አጥፍቻለሁ ያለ ሲኖር ነው። ምንም አላደረግሁም ባዩን ምን ብዬ ልማረው?” አልኩት። ወደ ምስሬም ተመለስኩ። ልቤ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ሠራሁባት ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ኾባር ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ጉልበቴ ብረት፣ ምላሴ ምላጭ። ኾባር ከባሕሩ ብዙ በማይርቅ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ጽዳትና ልብስ አጠባ ላይ እሠራለሁ። ቪላው የባሕር ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ ሊተክሉ የመጡ የጃፓን መሐንዲሶች ማረፊያ ነው። ወጥ ቤቱ የሉዝ ነበር። ሉዝ ፊሊፒናዊት ናት፤ ከኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ግን ከግቢ ወጥቶ መንገድ የሚሻገር። ግቢው ጥግ ባለችው የሠራተኛ ክፍል አብረን እናድር ነበር። በግማሽ ዓረብኛ በግማሽ እንግሊዝኛ እናወራለን። ሁለቱም ቋንቋ የማናችንም ስላልሆነ ተሳሳትኩ ብሎ የሚያፍር አልነበረም። እሷ “ሲስ” ትለኛለች፤ እኔ “ሉዝዬ” እላታለሁ። የአገሯን ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ ለመድኩላት፤ እሷም በርበሬዬን ነጭ ሩዝ ላይ እየነሰነሰች አፍንጫዋ እስኪፈስ መብላት ለመደችልኝ።

አለቃው ሚስተር ሃያማ ይባላል። ስልሳ ዓመት የተጠጋው፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነበር። ጮሆ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት በር ላይ ብቅ ብሎ ለሁለታችንም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። በቀድሞ አሠሪዬ በማዳም ጩኸት ጆሮዬ ደንቁሮ ለመጣሁት ለኔ ቤቱ ገነት ነበር። “ጨዋ ሰው እኮ ነው” ስላት ሉዝ መልስ አትሰጠኝም። ሽንኩርቷን ትከትፋለች።

ለምን ዝም እንደምትል ያወቅሁት በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። አያቷ መሞቷ በስልክ ተነገራት። ሄዳ እንዳትቀብር ፈቃድ አልደረሰላትም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ሩዝ የሞላ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እየለቀመች ነገረችኝ። አያታቸውን ሎላ ነው የሚሏት። የሷ ሎላ ስሟ ሲዮን ነበር። ጽዮን ማለት መሆኑን ስሰማ፣ ከናቴ ማኅበርተኞች የአንዷን ስም የጠራችልኝ ያህል ቀረበችኝ።

“አሥራ አራት ዓመቷ ነበር” አለችኝ ሉዝ። “ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ የጃፓን ወታደሮች ወሰዷት። ጦሩ የሰፈረበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዘጉባት። ወታደሮቹ በተራ ነበር የሚገቡት። ስትታመምባቸው መንገድ ዳር ጣሏት።” ትንሽ ሩዝ ለቀመች። “ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ የራሷ ሰፈር ‘የጃፓን ትራፊ’ አላት። እስክታረጅ።”

እኔ እርግማን ከአፌ ማውጣት ጀመርኩ። እሷ አስቆመችኝ።

“ገንዘብ አልፈለገችም ሲስ። ‘አንዳቸው ፊቴ ቆሞ ከወገቡ ይጎንበስልኝ’ ነበር የምትለው። ለሰላምታ አንገት ነው። ለሞተ ሰውና ለበደሉት ሰው ግን ከወገብ ነው። ለመኮንኖቻቸው ሬሣ ሲያደርጉ ካንዱ መስኮት አይታለች። ያቺን ብቻ ነበር የምትፈልገው። ሳታያት ሞተች።”

እኔ የሰው በደል የራሴ አድርጌ መያዝ ይቀናኛል፤ እናቴ “አንቺ የጎረቤት ቂም እንኳ አያመልጥሽም” ትለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስተር ሃያማ በጠዋት አንገቱን ዝቅ ሲያደርግልኝ ‘ከዚያ ዝቅ በላ!’ እላለሁ በሆዴ።

ነሐሴ ገባ። አገር ቤት ዝናብ ይወርዳል፣ እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ኾባር ላይ ግን ወሩ የሩጡባ ነው፤ ከባሕሩ የሚነሣውን እርጥብ ወበቅ ሩጡባ ነው የምንለው። ጨው ይሟሟል፣ ክብሪት እምቢ ይላል፣ ያጠብኩት ልብስ ገመድ ላይ ውሎ እንደረጠበ ይገባል። ሚስተር ሃያማ በየዓመቱ በዚህ ወር፣ ያ ጦርነት ያበቃበት ቀን ሲደርስ፣ አባቱን የሚያስብበት ምሳ ነበረው። የኛ ተዝካር እንደማለት ነው። ሳሎን ውስጥ አጭር ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ የአባቱ ፎቶ ቆሞ፣ ፊቱ አንድ ሳህን ሩዝ፣ አንድ ስኒ ሻይ፣ ቀጫጭን የዕጣን እንጨት ይቀመጣል። እንግዳው ሁሉ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ተራ በተራ ፎቶው ፊት ቆሞ ከወገቡ ያጎነብሳል።

ምሳው ሁለት ቀን ሲቀረው ፎቶውን ከነክፈፉ ወጥ ቤት አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። መስታወቱን ሩጡባ አጉድፎት ነበር። ጎራዴ የታጠቀ ወጣት መኮንን ነው፤ ከናፍሩ ቀጭን፣ ዐይኑ ቀጥ ያለ። “ተጠንቅቀሽ አጽጂው” አለኝ። “ያለኝ ፎቶ ይሄ ብቻ ነው። ሌላው በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ሲቃጠል ተቃጠለ። እሱም ፊሊፒንስ ውስጥ ወደቀ።”

ፊሊፒንስ ሲል ከሉዝ እጅ ላይ ማንኪያ ወደቀ።

ወዲያው አያቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ደጋግሞ ያጫውተን ነበር። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ አያቴ ጠጅ ቤት ነበረው። ጣልያኖቹ የመሪያቸውን ምስል በግድ አሰቀሉት፤ የሚገባ ሁሉ እጅ እንዲነሣ ታዘዘ። አያቴ ሆዬ፣ ከምስሉ ጀርባ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ሸጉጦ ሰቀለው። የሰፈሩ ሰው ምሥጢሩን ያውቃል። እየገባ እስከ መሬት ይሰግዳል፣ አንዳንዱማ ክፈፉን ይስማል። ጣልያኖቹ “እነዚህ እውነትም ገበሩ” እያሉ ጠጁን ይጋብዙ ነበር አሉ። አገር ለቀው ሲወጡ አያቴ ክፈፉን ገለበጠው፤ ሰውም በዚያው ግድግዳ መሳለሙን ቀጠለ።

ይህንን ለሉዝ ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ ተነሥታ ቆመች።

“ከአባትየው ጀርባ?” አለችኝ።

“ከአባትየው ጀርባ” አልኳት።

በማግስቱ ዓሣ ልንገዛ ነው ብለን ወጣን። ከዓሣ ተራው አጠገብ አንድ የሕንድ ፎቶ ቤት ነበር። ሉዝ ከቦርሳዋ የአያቷን ፎቶ አወጣች። አሮጊት ናት፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፈገግ ሳትል የተቀመጠች። በመኮንኑ ፎቶ ልክ አስገልብጠን አስፋን። ሕንዱ “ለመቃብር ነው?” ሲለን ሉዝ “ለግብዣ ነው” አለችው። በላብ ተጠምቀን፣ ዓሣውን በረዶ ውስጥ ይዘን፣ እየሳቅን ተመለስን። ሰው ለበቀል ሲሄድ እንዲህ መንገዱ ደስ ይለዋል? እኔን እንደሰርግ ደስ አለኝ።

ሥራውን የሠራችው ሉዝ ናት። እኔ በር ጠበቅሁ። ዘገየችብኝ። ስትወጣ ጣቶቿ ላይ የተላቆጠ ሩዝ ነበር፤ ምሳ ስትሠራ ስለዋለች ልብ አላልኩትም። ክፈፉን አየሁት። መኮንኑ እንደድሮው ቀጥ ብሎ ያያል። ከኋላው ያለችው አትታይም።

የምሳው ቀን ዓርብ ቀትር ላይ ነበር። ጃፓኖቹ መሐንዲሶች ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። ከነሱ ጋር ሐምዲ የሚባል ግብፃዊ መሐንዲስ ተጋብዟል። ቢሮ አብሯቸው የሚሠራ፣ ወሬ የሚወድ፣ ደግ ሰው ነው። እኛ ሁለታችን ከወጥ ቤቱ በር ሥር ቆምን።

ሚስተር ሃያማ ቀድሞ ቀረበ። ዕጣኑን ለኮሰ። እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ከወገቡ ተሰበረ። አናቱ ላይ ያለችው መላጣ ወለል ብላ ታየችኝ። ‘ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነሣ’ እላለሁ በሆዴ። እሱም ቆየልኝ። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ፤ ሁሉም ከወገባቸው። መጨረሻ የቀረበው ኬንጂ የሚባለው ልጅ እግር መሐንዲስ ነበር፤ ወጥ ቤት እየገባ ከሉዝ ድስት የሚቀምሰው። እሱም አጎነበሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዞር ስል ሉዝ ሽርጧን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። “ኸላስ ሲስ” አለችኝ፤ “በቃ። ደረሳት።”

“ምን በቃ ትያለሽ? ሳያውቀው? ያላወቀውማ ምኑ በቀል ነው!”

“ካወቀማ ነገ ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀት ነው። አባርሮ አገሬ ይልከኛል። ልጄን ማን ያስተምርልኛል?”

እውነቷን ነው። ምሳውን አቀረብን፤ ዓሣው፣ ሾርባው፣ የተጠበሰው አትክልት። ሻይ ስናቀርብ ሐምዲ ወደ ፎቶው ዞሮ በእንግሊዝኛ “ሚስተር ሃያማ፣ አባትህ መልከ መልካም ነበሩ። የት ነው የወደቁት?” ሲል ጠየቀ። ሰውዬው ለሐምዲ ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰ። እኛም ሰማን።

“ፊሊፒንስ። እስያን ከነጮች ነፃ ሊያወጣ ሄዶ ነው የሞተው። ዛሬ በአባቶቻችን ላይ ብዙ ይወራል። ሴቶች ያዙ፣ ደፈሩ ይባላል። ገንዘብ የሚፈልጉ አሮጊቶች የሚያወሩት ተረት ነው። እነዚያ ሴቶች ወደው የመጡ ነበሩ። አባቴ ንጹሕ ሰው ነበር። የልጅ ልጄ በማንም ፊት አንገቱን እንዲደፋ አልፈልግም።” ድምፁን እንኳ አላነሣም። ልክ ጠዋት እኛን ሰላም እንደሚለው ነው የተናገረው።

እኔ ትሪውን ልወረውር ነበር፤ ማርያምን! ጴንጤ ሆኜም ማርያምን ያስብለኛል ያ ቀን። ሉዝ ግን ቀደመችኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን በቀስታ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወደ አጭሩ ጠረጴዛ ሄዳ ተንበረከከች። ክፈፉን አንሥታ የኋላውን ካርቶን መያዣዎች አንድ በአንድ ከፈተች። ካርቶኑን አወጣች። ከዚያ ክፈፉን ገልብጣ፣ ሩዙና ዕጣኑ ፊት መልሳ አቆመችው።

ሎላ ሲዮን ሳሎኑን ታይ ጀመር።

“ይቺ አያቴ ናት” አለች ሉዝ። “አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ወዳ አልሄደችም። ሳንቲም ሳትጠይቅ ሞተች። የፈለገችው እናንተ እንድታጎነብሱላት ነበር። አሁን ሁላችሁም አጎንብሳችሁላታል። አመሰግናለሁ።”

የሚስተር ሃያማ ፊት አመድ መሰለ።

“አውጪያት” አላት።

“አንተው አውጣት” አለችው።

ተነሥቶ ሄደ። ፎቶውን ከክፈፉ አወጣ። አሮጊቷን ከአባቱ ጀርባ ሊያነሣት በጥፍሩ ጥግ ጥጉን ያዘ። እምቢ አለ። በሌላኛው ጥግ ሞከረ። እምቢ አለ። ጠበቅ አድርጎ ሲስብ ከአባቱ ትከሻ ላይ ቅንጣት ወረቀት ተላጠ። እጁን እንደ እሳት ሰበሰበው። ያኔ ነው ያ የተላቆጠ ሩዝ የገባኝ። ሉዝ ለሙታን ሳህን ከተቀቀለው ሩዝ ላይ አድቅቃ፣ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጣብቃቸው ኖሯል። እኛ አገር ወረቀት በሊጥ እንደምናጣብቅ፣ እነሱ በሩዝ ነው። እሱም ልጅ ሆኖ በዚያው ሙጫ ወረቀት ሳያጣብቅ አላደገም። በጣቱ ነካ አድርጎ ሲያሽ ምን እንደሆነ አወቀ።

እሷን ሊጥል አባቱን መቅደድ አለበት። ያለው ደግሞ ያ አንድ ፎቶ ነው። እዚያው እንደያዘው ቆሞ ቀረ። አንድ ጎን ሲያዞረው አባቱ፣ ሌላ ጎን ሲያዞረው ሎላ ሲዮን። አዘንሽለት ወይ ብትሉኝ፣ አላዘንኩም። ሎላ ሲዮንም የነበራት አንድ ልጅነት ነበር።

ያን ጊዜ ኬንጂ ከወንበሩ ተነሣ። ማንንም ሳያይ መጣ። አለቃው እጅ ላይ ያለችውን አሮጊት ፊት ለፊት እያየ፣ አውቆ፣ ከወገቡ አጎነበሰ። ሚስተር ሃያማ በሆነ ቃል ጮኸበት፤ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ግን የሚቆየውን ያህል ቆይቶ ነው ቀና ያለው። ሉዝ እንደገና አለቀሰች፤ የቀድሞውና የአሁኑ ልቅሶ ግን አንድ አልነበረም።

ማታውኑ የሠራተኞቹ ካፊል፣ በስሙ ያስመጣንና ወረቀታችን በእጁ ያለው አቡ ፈይሰል ተጠርቶ መጣ። ሚስተር ሃያማ “ንብረቴን አበላሸች፣ ሁሩብ ተደርጎባት ትታሰር” አለ። ሁሩብ ማለት ከሥራ ጠፍታለች ብሎ ማመልከት ነው፤ ያ ከተጻፈብሽ አለቀልሽ። እኔ “እኔም አለሁበት” ልል አፌን ስከፍት ሉዝ እግሬን በኃይል ረገጠችኝ። አቡ ፈይሰል ነገሩን ከሐምዲ ሰምቶት ኖሯል። ጢሙን እያሻሸ “ለአያቷ ብላ ነው አይደል?” አለ። “ሀራም ዐለይክ፣ ነውር ነው ሚስተር። ሴትዮዋ እዚሁ ቆማለች፤ የት ጠፋች ብዬ ልጻፍ? ኹሩጅ አወጣላታለሁ፣ ትኬቷንም እቆርጣለሁ። ከዚያ በላይ ማፊ፣ የለም።” ፈገግታውን ደበቀ፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ሉዝ የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጠን ዘጋነው። “ሥራሽን አስበላሁሽ” አልኳት።

“ሥራ ይገኛል” አለችኝ። “ባላጣብቃት ኖሮ አውጥቶ ይጥላት ነበር ሲስ። አንዴ መንገድ ዳር ጥለዋታል። ሁለተኛ አይጥሏትም።” አሁን እሷም አያት ሆናለች፤ የልጅ ልጇን ሲዮን አሰኝታታለች።

ሚስተር ሃያማም በዓመቱ ውሉ አልቆ ሄደ። ሸሚዞቹን ያጣጠፍኩለት እኔ ነኝ። ፎቶውን ራሱ ነበር የጠቀለለው፤ ተጠግቼ አየሁት። መኮንኑ ወደ መስታወቱ፣ ሎላ ሲዮን ወደ ካርቶኑ። አልለየውም። አልቻለም። በነጭ ሸሚዝ ጠቅልሎ የእጅ ሻንጣው ውስጥ ከተታት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይሄኛው ወጊ ግን እንዳይረሳ ሆኖ ተሰፍቶለታል። ሲወጣ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔ ቀጥ እንዳልኩ ቆሜ አየሁት።

ክሬኑ ያሳቀኝ ለዚህ ነው። ሐውልቱን ያንሱ። ነሐስ ክሬን ያነሣዋል፤ መኪና ይጭነዋል፤ መጋዘን ይውጠዋል። ጃፓን ውስጥ በአንድ ቤት ግን፣ እሱ ቢሞትም ልጆቹ፣ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ አጭሩ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ሩዝ ያቀርባሉ። አንገቱን በማንም ፊት እንዳይደፋ የተባለለት የልጅ ልጅ ጎራዴ ለታጠቀው ቅድመ አያቱ ከወገቡ ይሰበራል። ክፈፉን ከፍቶ ያየ ይኑር አይኑር አላውቅም። ባያይም ግድ የለኝም። እሷ እዚያው ናት፤ ሊጥሏት ቢፈልጉ አባታቸውን መቅደድ አለባቸው።

“ማሚ፣ ሩዝ ልጨምርልሽ?” አለችኝ ቤዛ።

“ጨምሪ” አልኳት። “ደህና አድርገሽ ጨምሪ።”